መልስ፦ ከጡረታ አበል ለጤና መድን ስንት ይቆረጣል?

ጋሼ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ሆነው «ለጤና መድን 3 በመቶ ሊቆርጡብኝ ነው?» ብለው ለጠየቁት፦ አይደንግጡ፤ 3 በመቶው ደመወዝተኛው የሚያዋጣው ነው። ለደመወዝተኞችና ለጡረተኞች በታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ የጡረተኛው ድርሻ የአበሉ 1 በመቶ ሲሆን፣ መንግሥትም 1 በመቶ ይጨምርበታል። 4,000 ብር ለሚቀበል ሰው በወር 40 ብር ማለት ነው። የዚህ መድን አዋጅ ከወጣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ትግበራው ሲንከባለል ስለኖረ፣ የሰፈር ወሬ ትተው የሚደርስዎትን አበል ቆጥረው ይመኑ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በደንቡ አይሸፈኑም። አባቴ እዚህ ደብረ ብርሃን የመነጽሩን እግር በጥቁር ክር አስሮ ነው ጋዜጣ የሚያነበው፤ መድን ቢገባም ክሩ አይፈታም።

በቀበሌ የሚመዘገቡበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ ለብቻው ነው፤ በዓመት በቤተሰብ ይከፈላል።