ፕሮጀክተሩ ፍላሽ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ለምን አያሳይም?

ጥያቄ፦ ደሴ የታሪክ መምህር ነኝ። የአይጠየፍ አዳራሽን ፎቶዎች በአይፎን አንስቼ በፍላሽ ወደ ክፍል ብወስድም፣ ፕሮጀክተሩ ከፊሎቹን ብቻ ያሳያል፤ ባለ 64 ጊጋባይቱን ሌላ ፍላሽማ ጭራሽ አያነበውም። ላፕቶፕ የግድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አያስፈልግዎትም። የማይነበበው ፍላሽ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ (የተዘጋጀ) ሳይሆን አይቀርም፤ ብዙ ፕሮጀክተሮች ያለ ችግር የሚያነቡት ፋት 32ን ስለሆነ፣ ፍላሹን በእሱ እንደገና ፎርማት ያድርጉት፤ ይህ በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ግን ፋይሎቹን አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ባለ 32 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ፍላሽ ቢጠቀሙ ደግሞ ይቀልልዎታል፤ ለፎቶ ከበቂ በላይ ነው።

የማይታዩት ፎቶዎች ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው። አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቶን በአብዛኛው የሚያስቀምጠው ሄይክ በተባለ የፋይል ዓይነት ሲሆን፣ ፕሮጀክተሮች በብዛት የሚያውቁት ጄፔግን ነው። በስልክዎ ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ቀጥሎም ፎርማትስ የሚለውን ከፍተው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ከመረጡ ከዚያ በኋላ የሚያነሷቸው በጄፔግ ይቀመጣሉ፤ የቀድሞዎቹን ግን ወደ ጄፔግ መቀየር ይኖርብዎታል። የፋይሎቹን ስም 01፣ 02 እያሉ በቁጥር ቢጀምሩት ፎቶዎቹ በትምህርቱ ቅደም ተከተል ይወጡልዎታል፤ የአማርኛ ስም አንዳንድ ፕሮጀክተር ላይ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ይታያል።