ክሽክሽ የወረረውን ማሽላ ከመርጨትዎ በፊት ቅጠሉን ይገልብጡ

ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ፦ «ማሽላዬ ዛላ ሊያወጣ ሲል ቅጠሉ ይጣበቅ ጀመር፤ ከላዩም ጥቁረት ለበሰ። ባለፈው ዓመት ማላታይን የሚባለውን ፀረ ተባይ ረጭቼ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ብሶበት ተመለሰ። ዘንድሮ ምን ይሻለኛል? ዩሪያ ብጨምርለትስ ያገግም ይሆን?»

የገለጹት ክሽክሽ ነው፤ የቅጠል ጭማቂ የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ። ጥቁረቱ ክሽክሹ በሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የበቀለ ሻጋታ ስለሆነ ለእርሱ ብለው መድኃኒት አይግዙ። ዩሪያውንም ይተዉት፤ ቅጠሉን ስለሚያለመልመው ለክሽክሹ ድግስ ነው።

ነገ ማለዳ የታችኛውን ቅጠል ይገልብጡ። ክሽክሹን ከጀርባው ተኮልኩሎ ያገኙታል። በክሽክሹ መካከል፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ስድስት እግር ያለው ጥቁር እጭ ሲርመሰመስ ካዩ ደስ ይበልዎ፤ ክሽክሽ የሚበላው የቀይ ጥንዚዛ ልጅ ነው። ተባይ መስሏቸው የሚጨፈልቁት አርሶ አደሮች ብዙ ናቸው፤ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። አብጦ፣ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ክሽክሽ ካለም አይንኩት፤ ውስጡ ጥቃቅን ተርብ እያደገበት ነው።

ባለፈው ዓመት መድኃኒቱ የፈጀው እነዚህን ረዳቶችዎን ሳይሆን አይቀርም። ከቅጠል ሥር የተረፈችው ክሽክሽ ግን ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ልጇም በሙቀት ጊዜ በሳምንት ገደማ ለመውለድ ትደርሳለች። ጥንዚዛ በዚህ ፍጥነት አይተካም። የኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎችም ይህንኑ አይተዋል። የሩዙን ጭማቂ የምትመጥ ቡናማ ዘላይ ተባይ እንቁላሏን የምትጥለው በቅጠሉ እቅፍ ውስጥ ነው፤ ርጭቱ እንቁላሉን ሳያገኘው ጠላቶቿን ሸረሪቶችን ይጨርሳል። በመጨረሻ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 57 ዓይነት ፀረ ተባዮች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ።

ስለዚህ ጥንዚዛው በርከት ብሎ ካገኙት ሦስት አራት ቀን ይታገሡ። ጠንካራ ዝናብ ከጣለም ብዙውን ያጥብልዎታል። ክሽክሹ ወደ ላይኛው ቅጠል ከወጣ ግን ኒም ይጠቀሙ፤ ዛፉ ድሬዳዋ ውስጥ በየመንገዱ ዳር አለ። የደረቀውን ፍሬ ፈልፍለው ይውቀጡት፤ ለ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ሂሳብ ዘፍዝፈው ያሳድሩት። በጨርቅ አጥልለው፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ከቅጠሉ ሥር ይርጩት። ፀሐይ ኃይሉን ስለምታደክመው ማምሻውን ይሁን። ወዲያው ባይገድልም መብላቱንና መራባቱን ያዳክማል፤ በአምስተኛው ቀን ተመልሰው ይዩ።

ኬሚካል የግድ ከሆነ የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ ሳያማክሩ አይግዙ። በመያዣው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ ለሰንጋዎ ቅጠል አይሸልቅቁ። ከማሽላው ጎን ጫት ካለ ደግሞ እባክዎ ነፋሱን ይመልከቱ፤ ጫት ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ አፍ የሚገባ ቅጠል ነው።