ለፍርስራሽ ማን ይከፍላል?

ሰላም እህቴ። ከኮርክ፣ አየርላንድ የላክሽውን ደብዳቤ አነበብኩት። የአርክቴክቸር ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ እዚያው ኮርክ አውራጃ ያለውን የካንተርክን ፍርስራሽ ግንብ ለክተሽ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። አነጋገርሽ እንደሚያስጨንቅሽ ነግረሽኛል፤ ማስተርስ ልቀጥል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። ክፍያሽን የሚሸፍኑት አባትሽ ግን «ለፍርስራሽ ማን ይከፍላል? ወደ ኮምፒውተር ዙሪ» ብለውሻል።

በግልጽ ልናገር። አባትሽ የከፈሉት ለትምህርትሽ ነው፤ ሙያሽን አልገዙም። ልፋታቸውን አከብራለሁ። ግን ሦስት ዓመት የተከፈለበትን ትቶ ከዜሮ መጀመርም ኪሳራ ነው። ቁጭ ብለሽ ሒሳቡን አሳዪያቸው። «ማን ይከፍላል» ላሉትም መልስ አለ። የአየርላንድ መንግሥት ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለጥንታዊ ቅርሶች ጥገና ድጋፍ ይሰጣል፤ የግል ባለንብረቶችም ያገኛሉ። የአርክቴክቶቹ ተቋምም የቅርስ ጥገና ባለሙያዎችን በደረጃ ይመዘግባል።

ደግሞ ካንተርክ ጥሩ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ መጀመሪያ ያሠራው የማካርቲ ወገን ባላባት ብርሃንም ደህንነትም ፈልጎ ነበር። ባለ አራት ወለል መኖሪያ፣ በየማዕዘኑ ባለ አምስት ወለል ማማ። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ በድንጋይ ዘንግ የተከፋፈሉ። ቀና ስትይ ደግሞ ከግድግዳው አናት ጎልተው የወጡ ድንጋዮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ የመከላከያ መተላለፊያ እንዲሸከሙ የታሰቡ ናቸው። የእንጨቱ ወለል ስለሌለ ምድጃዎቹ አየር ላይ ቀርተዋል። ማን የት እንደሚሞቅ፣ ወለሉ የት እንደነበር ከግድግዳው ታነቢያለሽ። ያለቀለት ቤት ይህን ይደብቅብሻል።

መለካት ብቻውን ግን አይበቃም። በመጪው እረፍት በኖራ የሚሠራ ግንበኛ ዘንድ ሂጂና እጅሽን አስገቢ። የድሮ ግንብ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሲደፈን እርጥበቱ ይታፈናል፤ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላዋል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል። በዚያው ክፍለ ዘመን የተገነቡት የጎንደር ግንቦችም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ በኋላ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆነ። እኔ ሙያውን የያዝኩት ሳይት ላይ፣ ከግንበኞች ጋር ነው። ኖራ ነክቶ የማያውቅ ሰው የሳለውን የጥገና ንድፍ አላምንም።

ስለ አነጋገርሽ አትጨነቂ፤ ሥዕልሽ ይናገርልሻል። ማስተርሱ ይቆይ። መጀመሪያ የአርክቴክትነት ምዝገባውን ጨርሺ፦ አምስት ዓመት ትምህርት፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምምድ፣ ከዚያ ፈተና። ረጅም ነው፤ አባትሽም ይህን ከአሁኑ ይወቁት። ያለ ምዝገባ የፍርስራሽ ፍቅር ደሞዝ አይሆንም።

ካንተርክ በሕግ የተጠበቀ ብሔራዊ ቅርስ ስለሆነ ድንጋይ አትነቅዪ፣ አትቆፍሪ። ሜትርሽን ይዘሽ አንድ ግድግዳ ብቻ ምረጪ፤ ምድጃና መስኮት ያለበትን። እሱን በደንብ ለክተሽ ሳዪና ላኪልኝ።