መልስ፦ ፐርሶኔል አንድ ሠራተኛ ነው ወይስ ብዙ?
ወንድሜ፣ «ፐርሶኔል» ለአንድ ሠራተኛ ይሆናል ወይ፣ ከ«ፐርሰናል»ስ በምን ይለያል ብለህ ጠይቀሃል። ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር ነው፤ በተለይ የሥራ ማመልከቻ ላይ ሲሳሳት ያሳዝነኛል።

ፐርሶኔል እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የወሰደው ስም ነው፤ የአንድን ድርጅት ወይም ሠራዊት ሰዎች በጅምላ ይጠራል። ስለዚህ «ኤ ፐርሶኔል» አይባልም። ለአንድ ሰው «ኢምፕሎዪ» ወይም «ስታፍ ሜምበር» በል። መጨረሻው ላይ «ኤስ» አይጨመርም፤ ግሡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የብዙ ነው፦ «ሜዲካል ፐርሶኔል አር ሂር»፣ የሕክምና ባለሙያዎቹ እዚህ ናቸው እንደማለት።

ፐርሰናል ደግሞ «የግል» የሚል ቅጽል ነው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ፋይል ላይ ነው፦ «ፐርሰናል ፋይል» ካልክ የራስህ የግል ሰነድ ነው፤ «ፐርሶኔል ፋይል» ግን አሠሪው ስለ አንተ የሚይዘው፣ የቅጥር ደብዳቤህና የደመወዝ እድገትህ ያለበት የሠራተኛ ማኅደር ነው። ትንሽ የፊደል ልዩነት ባለቤቱን ትቀይራለች!

ስትጽፍ ፐርሶኔል ሁለት «ኤን» አለው፣ ከመጨረሻው «ኤል» በፊት ያለውም «ኢ» ነው። ስትናገር «ኔል» የሚለውን አጉላው፤ በፐርሰናል ግን የሚጎላው «ፐር» ነው።

«ፐርሶኔል ክፍል» ይባል የነበረው አሁን በብዙ ቦታ «ሂዩማን ሪሶርስ» ሆኗል። በአማርኛ ከሆነ የምትጽፈው፣ «ሠራተኞች» ማለት ይበቃል።