ሥራሽን ሳትለቂ፣ ጎህ ሲቀድ ቅረጪ

ከሀዋሳ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት። ፎቶ ቤት ተቀጥረሽ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ስታደርጊ ሦስት ዓመት ሊሞላሽ ነው። ያጠራቀምሽውን አውጥተሽ ያገለገለ ካሜራ ገዝተሻል። አሁን ሥራሽን ለቀሽ የማለዳውን ሐይቅና ተራራ እየቀረጽሽ መኖር ትፈልጊያለሽ። ግን የቀረጽሽው ሁሉ ገርጥቶ እየወጣ ተቸግረሻል። እናትሽ ደግሞ «ሳይነጋ ካሜራ ተሸክመሽ ከቤት አትወጪም» ብለዋል።

ሥራሽን አትልቀቂ። ተፈጥሮን ብቻ እየቀረጸ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያበላው ሠርግ ነው። ደግሞም መልቀቅ አያስፈልግሽም። ሀዋሳ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አለቃሽ ፎቶ ቤቱን ሲከፍቱ አንቺ የምትፈልጊው ብርሃን መጥቶ ሄዷል።

ቶሎ ነው የሚሄደው። ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ወደ ጎን ብዙም ሳታዘነብል ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ያ ወርቅ የመሰለው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ ቦታ እየፈለግሽ ከሆነ ቀኑ አምልጦሻል። ቦታውን ከሰዓት በኋላ ሄደሽ ምረጪ። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትራይፖድሽ ተተክሎ ይጠብቅ።

አሁን ወደ ገረጣው ምስል ልምጣ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ዳር ቆመሽ ወደ ውኃው ስትቀርጪ ፀሐይዋ ከጀርባሽ ነች። ጥላው ሁሉ ከነገሮቹ ኋላ ይደበቃል፤ ምስሉ ዝርግ ይሆናል። ታቦር ተራራ ላይ ወጥተሽም ወደ ሐይቁ ካየሽ ያው ነው። መፍትሔው ካሜራውን ማዞር ነው። የሐይቁን ዳር ተከትለሽ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቅረጪ፤ ብርሃኑ ከጎን ይመታና ቄጠማው፣ ጀልባው፣ የዛፉ ግንድ ቅርጽ ያወጣል። ወይም ጭራሽ ዞረሽ ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርጊያት፤ ከዛፎቹ ሥር ጉም ካለ በተለይ።

ወደ ውኃው የሚቀረጽበትም ጊዜ አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ፀሐይ ልትወጣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቀራት፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ከሐይቁ ማዶ ያለውን አድማስ እዪ። ከታች ግራጫ ሰማያዊ ሰቅ ይታይሻል፤ ከሱ በላይ ሮዝ። የታችኛው የምድር የራሷ ጥላ ነው። ፀሐይዋ እየቀረበች ስትመጣ ጥላው ቀስ እያለ ዝቅ ይልና ይጠፋል። ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ስለሚጠብቅ አያየውም። በሰከንድ 25 ፍሬም አድርገሽ፣ ካሜራውን ሳትነኪ ይህን አንዴ ቅረጪ።

ካሜራሽን ከአውቶ አውጪው። ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክለው አውቶ ኋይት ባላንስ ወርቃማውን ቀለም እንደ ስህተት ቆጥሮ ያጥበዋል፤ 5600 ኬልቪን ላይ አስሪው። ሸተርሽን 1/50 ሰከንድ ላይ ተይው። ብርሃኑ ሲጨምር አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ቀንሺ፣ ካልበቃ ብርሃን የሚቀንሰውን ጠቆር ያለ መስታወት፣ ኤንዲ ፊልተር፣ ግጠሚ። እያንዳንዱን ሾት ቢያንስ 15 ሰከንድ ያዢ። የ3 ሰከንድ ፉቴጅ ይዞልሽ የሚመጣ ካሜራማን እንዴት እንደሚያናድድሽ ታውቂያለሽ። ኤዲተር መሆንሽ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሥራውን ከኋላ በኩል ስለምታውቂው።

እናትሽ ግን ልክ ናቸው። ብቻሽን አትሂጂ። ወንድም ወይም ጓደኛ ይዘሽ፣ በምታውቂው ባጃጅ ሂጂ። ጉማሬ ሌሊት ሳር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው የሚመለሰው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ጭር ያለ የቄጠማ ዳር አትግቢ። ሰው ካለበት ጀምሪ። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጁም ገዢውም አለ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ቆመው የድርሻቸውን ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰላም በይ፣ አስፈቅጂ፣ የቀረጽሽውን በስክሪኑ አሳዪያቸው። ከዚያ ጠጋ በይ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ የሚልጠው ልጅ ክንድ ላይ የተለጠፈው ቅርፊት በጎን ብርሃን አንድ በአንድ ሲያበራ ያዢው። ከሰፊው ሐይቅ ይልቅ ይህን የሚገዛሽ ይበዛል፤ ሰው ያለበት ተፈጥሮ ለብዙ ሥራ ይሆናል።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ከራስሽ ፎቶ ቤት ጀምሪ። የሚቀጥለውን ሠርግ ኤዲት ስታደርጊ መክፈቻው ላይ የአንቺን የ20 ሰከንድ የሐይቅ ጎህ አስገቢና ለአለቃሽ አሳዪ። ሙሽሮቹ ከወደዱት ለሚቀጥለው ክፍያ ጠይቂ። አትፈሪ። ከዚያ በሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች አሉ፣ አስጎብኚዎች አሉ፣ ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት ከአዲስ አበባ የሚመጡም አሉ። ለእነሱ ዋጋ የሚኖረው አንድ ቆንጆ ጠዋት አይደለም። አንድን ቦታ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የቀረጸ ሰው ነው ብርቅ። በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አጋድላ፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሄዳ ነው የምትወጣው፤ ያው ዛፍ ሌላ ዛፍ ይሆናል። ማንም ሊገለብጠው የማይችል ማኅደር ይኖርሻል።

ታዲያ ጥሬ ፉቴጅሽን በፍላሽ ገልብጠሽ በቃል ስምምነት አትስጪ። ሥራሽን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቅልሻል፤ ቢሆንም ወረቀት ይኑርሽ። ለምን እንደሚጠቀሙበት፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ብር። አንድ ገጽ ይበቃል። ድሮን ካማረሽም ያለ ፈቃድ እንዳታስነሺ።

ለጊዜው በሳምንት ሁለት ጠዋት ይበቃሻል፤ ሠርግ የማይበዛባቸውን ቀናት ምረጪ። ደብተር ያዢና ቀኑን፣ የቆምሽበትን፣ ፀሐይዋ ከየት በኩል ብቅ እንዳለች ጻፊ። ከወር በኋላ ሦስት ሾት ብቻ መርጠሽ ላኪልኝ። እናትሽንም አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ሮዙን ሰቅ እሳቸውም ይዩት።