የአዲስ አበባን የቧንቧ ውሃ ስለማስመርመር፦ ጥያቄና መልስ

መልስ የሚሰጡን ለዓመታት በውሃ ጥራት ቤተ ሙከራ የሠሩ አባላችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ለገዳዲ ማጣሪያ ጣቢያ ላይ የተጣራ ውሃ ቤታችን እስኪደርስ ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይቆይም። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰፈር የመስመሩ ግፊት ሲወድቅ፣ በተሰነጠቀ ቧንቧ ዙሪያ ያቆረ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ክሎሪን እስከ ቧንቧው ጫፍ መትረፍ ያለበት ለዚህ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር እንዲገኝ ይላል። በብልቃጥ በተቀዳ ውሃ ውስጥ የዲፒዲ እንክብል (የክሎሪን መመርመሪያ) ሲሟሟ ውሃው ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለ፤ መጠኑ ከቀለም ሰሌዳው ይነበባል። ከቧንቧው ሮዝ የሆነው ከሮቶው ሲቀዳ ቀለም አልባ ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ ለኩ።

ጥያቄ፦ ናሙናውን በሃይላንድ ይዤ ብመጣስ?

መልስ፦ እባካችሁ፣ አይሆንም። ናሙና በትክክል ካልተቀዳ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ጠርሙሱ ከጀርም የጸዳና ሶዲየም ታዮሰልፌት የተጨመረበት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን መግደሉን ስለሚቀጥል ውሃው ከእውነቱ ይልቅ ንጹሕ መስሎ ይታያል። የቧንቧውን አፍ አጽዱ፣ ውሃውን ለጥቂት ደቂቃ ልቀቁት፣ ናሙናውን በበረዶ ሣጥን አድርጋችሁ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድም ኢ-ኮላይ (ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ) መገኘት የለበትም።

ጥያቄ፦ ውሃችን ንጹሕ ነው ወይ?

መልስ፦ የየትኛው ሰፈር፣ ከቧንቧ ነው ከሮቶ? እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ መስጠት አልችልም።

ጥያቄ፦ የቲዲኤስ መለኪያዬ ዝቅተኛ ቁጥር አሳየ፤ ደኅና ነው?

መልስ፦ መለኪያው የሟሟ ጨውን እንጂ ባክቴሪያን አይለካም።

አንድ አባል፦ ማፍላት እያለ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?

ሌላ አባል፦ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጀርሙ አይሞትም።

የመጀመሪያው አባል፦ እናቶቻችን በዚሁ ከተማ አፍልተው አይደል ያሳደጉን?

መልስ፦ ሙቀቱ ይበቃል፤ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ነገር ግን ማፍላት እንደ ናይትሬትና ፍሎራይድ ያሉ በውሃው የሟሙ ኬሚካሎችን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ያጠነክራቸዋል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ፍሎራይድ ያሳስበናል።

መልስ፦ ፍሎራይድ ይበልጥ የሚከፋው በስምጥ ሸለቆ ነው። በከተማ ጉድጓድ ናይትሬትንም አስመርምሩ፤ ገደቡ 50 ሚሊግራም በሊትር ነው።

ጥያቄ፦ በደንብ የታጠበ የጁስ ጠርሙስስ ለናሙና ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፤ አይሆንም። ጠርሙሱን ከሚመረምርላችሁ ቤተ ሙከራ አስቀድማችሁ ውሰዱ።