ጭንቀት ከሥራ ሲያስቀር፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

አብዛኛው ጥያቄ ከደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ነው፤ ከሸዋሮቢትም አለ። የሠራተኛ ጤና ላይ ስለምሠራ የማውቀውን ልመልስ።

ልብስ ስፌት ላይ ነኝ። ሰኞ ሲደርስ ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል። ሐኪም ቤት "ምንም የለብሽም" አሉኝ። ሰው አስመሳይ ይለኛል።

አላስመሰልሽም እህቴ። ጭንቀት ሲሰነብት እንቅልፍ ይነሳል፣ አንገትና ትከሻ ይይዛል፣ ጨጓራ ያውካል። ምርመራው ምንም አላሳየም ማለት አላመመሽም ማለት አይደለም። ተመልሰሽ ሂጂ። አሁን ግን የእንቅልፍሽንም የሥራሽንም ነገር ንገሪያቸው። ካልነገርሽ የሚመረመረው ሆድሽ ብቻ ነው።

የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። የሕመም ፈቃድ በዛብን። ማሳጅና ስፖርት ይሻላል ወይስ አማካሪ መቅጠር?

ከሁሉ በፊት የቀሪ መዝገቡን ይዩ። ቀሪው የሚበዛው የት ነው? ማታ ሺፍት ላይ? አንድ ሱፐርቫይዘር ሥር? እዚያ ከሆነ መፍትሔውም እዚያው ነው። ማሳጅ ትከሻ ያፍታታል፤ ኮታውና ስድቡ ካልተነካ ግን ሰውየው በሳምንቱ ተመልሶ ይታመማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያም የሥራ ሁኔታን ማስተካከልና አለቆችን ማሠልጠን ከምክሩ ጋር አብረው ተቀምጠዋል።

ምክር አገልግሎቱንም አይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው 90 ደቂቃ የሚወስድ የንግግር ሕክምና አለ። አተነፋፈስን ማርገብ፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት፣ የተዉትን ሥራ በጥቂቱ መጀመር፣ ሰው ማቅረብ ያስተምራል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ፣ ባለሙያ እየተከታተለው ሊሰጠው ይችላል። የክሊኒካችሁ ነርስ ትችላለች ማለት ነው። አደራ፣ የክፍሏ በር ከሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አይሁን። ማን ገባ ማን ወጣ የሚቆጠርበት ክፍል ውስጥ ማንም ገብቶ ልቡን አይከፍትም።

አለቃዬ "ይሄ የጭንቀት ምክር ምናምን ቅንጦት ነው" ይላል።

በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ይገመታል። ይህን ንገረው።

ብታመም ደመወዜ ይቆረጣል?

የሙከራ ጊዜህን ከጨረስክ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልግሃል። መቅረትህን ደግሞ ቢዘገይ በማግስቱ አሳውቅ።

እናቴ ጸበል ግቢ ትለኛለች። ሐኪም ቤት ልተው?

ሁለቱንም ያዢ። የታዘዘልሽን መድኃኒት ግን ለጸበል ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪ። ሞት ሞት የሚልሽ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሰው ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የመስመር ኃላፊ ነኝ። ታሞ የተመለሰን ልጅ እንዴት ልቀበለው?

"እንኳን እግዚአብሔር ማረህ" በለው። ምን እንዳመመው ሰው ፊት አትጠይቀው። የመጀመሪያውን ሳምንት ኮታውን ቀንስለት፣ ትርፍ ሰዓትም አታስገባው። አርብ ላይ ለብቻው አስቀምጠህ "ምን ከበደህ?" በለው፤ ከሚነግርህ ውስጥ አንዱን በሰኞው አስተካክል።